አክስቴ ሲቲ 17 ስትገባ

የኮምፒውተር ጨዋታው የሚጀምረው ባቡር ውስጥ ነው። ኮትና ክራቫት ያደረገ፣ ፊቱ የገረጣ ሰውዬ ከጨለማ ብቅ ብሎ ቃላቱን እየጎተተ ያወራሃል፣ ከዚያ ሳታስበው ባቡር ላይ ነህ። ተመሳሳይ ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ሁለት መንገደኞች አብረውህ አሉ። አንደኛው ስትሳፈር አላየሁህም ይልሃል። ባቡሩ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ትወርዳለህ። መሣሪያ የለህም። ሻንጣም የለህም። ሲቲ 17 የምትባል ከተማ ጣቢያ ነው፣ ፈታሽ አለ፣ ሰው ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

ለድሬ ልጅ ከዚህ የተሻለ አጀማመር ከየት ይመጣል? እኛ እኮ ባቡር ነው የወለደን። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሜዳ ላይ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈራችንም፣ የከዚራ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶችም፣ እኔ አሁን ከነላፕቶፔ የተቀመጥኩበት በረንዳም።

የማወራው ስለ ሃፍ ላይፍ 2 ነው። ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2004 ያወጣው፣ ብቻህን ሆነህ በባለታሪኩ ዓይን እያየህ የምትጫወተው የተኩስ ጌም። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። አዎ፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። አሁን ስለሱ የሚያስጽፈኝ አዲስ ነገር ወጥቶ አይደለም። አክስቴ ናት ያስጀመረችኝ። እሷ ጋ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነው። አራት ፕሌስቴሽንና ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር ነበራት። ፕሌስቴሽኖቹ ላይ ኳስ ነው፣ ወረፋው አይደረስበትም። ኮምፒውተሩን የሚፈልገው የለም፣ እኔና አብሮ አደጌ ብቻ። የሚከፈለው በሰዓት ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ነበር፣ ምክንያቱም ሃፍ ላይፍ 2 ላይ ሰዎቹ ያወራሉ። ያወራሉ፣ ያወራሉ። ሌላ ጌም ላይ ወሬ ሲመጣ ነገሩ እንደ ፊልም ይሆንና አንድ ቁልፍ ተጭነህ ታልፈዋለህ። እዚህ ማለፍ ብሎ ነገር የለም። ጌሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከባለታሪኩ ከጎርደን ፍሪማን ዓይን አይወጣም፣ ሰዎቹ ሲያወሩም አንተ ክፍሉ ውስጥ እንዳሻህ ትንቀሳቀሳለህ። ዶክተር ክላይነር ላቦራቶሪው ውስጥ ቆሞ ሰውን ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውረው ማሽኑ ሲያብራራ፣ የእኛ ሳንቲም እየቆጠረ ነው። ስለዚህ ያገኘነውን ዕቃ ሁሉ እያነሳን ራሰ በራው ላይ እንወረውርበት ነበር። ባለቤቱ ከኋላ ይጮሃል፦ «አቦ ዕቃ መወርወር ከሆነ ያማራችሁ፣ ደጅ ድንጋይ ሞልቷል!»

እንግሊዝኛ? ከ«ዚስ ኢዝ ኤ ቡክ» ብዙም አላለፍንም። ታሪኩን ራሳችን ሠራነው። ኮት የለበሰው ሰውዬ የጎርደን አባት ነው ብለን ወሰንን። አብራው የምትታገለው አሊክስ ደግሞ እህቱ። የአሊክስን አባት ኢላይን ስናየው ግን ነገሩ ተበላሸብንና አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን።

የሚገርመው፣ ትልቁን ነገር ግን ገብቶን ነበር። ዓለም ተሸንፋለች። ጌሙ ይሄን በቃል አልነገረንም፣ ቢነግረንም አይገባንም። ጣቢያው ውስጥ ከሽቦ አጥር ጀርባ አንድ ትልቅ ቀይ ዓይን ያለው ፍጥረት አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት ተደርጎበት ወለል ይጠርጋል። በመጀመሪያው ክፍል እነዚህ ፍጥረቶች ከእጃቸው መብረቅ እየረጩ የሚያሳድዱህ ጠላቶች ነበሩ። አሁን መጥረጊያ ይዟል። በቃ፣ ከእነሱም በላይ የሆነ ጌታ መጥቷል ማለት ነው። ይሄ ምን ትርጉም ይፈልጋል?

ሬቨንሆልምም እንደዚያው ነው። አሊክስ ወደዚያ መሄድ ትተናል ያለችው የሙታን መንደር። መጋዝ ብቻ ነው የሚያድንህ። ግን ማንም «መጋዝ ወርውር» አይልህም። ገና ስትገባ፣ በሩ ላይ ክብ የመጋዝ ስለት ተሰክቶ ታያለህ፣ ከስለቱ ጋር ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ ዞምቢ። ስለቱን ዕቃ ከሩቅ ስቦ በሚወረውረው መሣሪያ፣ በግራቪቲ ጋኑ፣ ትስበዋለህ፣ ልክ በዚያ ሰዓት አንዱ እየጮኸ ይመጣብሃል። የቀረውን እጅህ ያውቀዋል። እኛ ግራቪቲ ጋኑን «ማግኔት» ነበር የምንለው፣ የጎርደንን የብረት ዘንግ ደግሞ «ዲጂኖ»፤ ዲጂኖ እንዳልሆነ ብናውቅም ሌላ ስም አላገኘንለትም።

ከሁሉ የከፋው ሱስ ግን የአሸዋው ክፍል ነው። ባሕሩ ዳር ያለውን አሸዋ ከረገጥክ ጥጃ የሚያክሉ ነፍሳት ከሥር ይወጡብሃል፣ ስለዚህ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልክ፣ በማግኔቱ ጣውላ እየሳብክ እየረበረብክ ነው የምትሻገረው። ይሄን ከተጫወትን በኋላ ደቻቱን እንደ ሰው አቋርጠን አናውቅም። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሄድበታል፣ ይነገድበታል። (ሲቆጣ ምን እንደሚሆን የ1998 ዓ.ም.ን የጎርፍ ክረምት ያየ ያውቀዋል፣ እሱን እዚህ አላነሳም።) እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር በድንጋይ ብቻ ነበር የምንሻገረው። አሸዋ የነካ ተበልቷል። አንድ ቀን መሃል ላይ ደርሰን የሚረገጥ ድንጋይ አለቀ። አብሮ አደጌ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና አሸዋው ላይ ጣለው፣ ረገጠው፣ አለፈ። የሒሳብ ደብተር ነበር። ማታ ቤት ምን እንደጠበቀው መገመት ትችላላችሁ።

ጌሙን አልጨረስነውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ ሴቭ ያላደረግነው ይሄዳል፣ አንዳንዴ ሴቭ ያደረግነውም አብሮ ይሄዳል። ሲታደል የሚባለውን ሰማይ ጠቀስ የብረት ግንብ ከሩቅ እያየነው ቀረን። ከዚያ ጌም ቤቷ ተዘጋችና የጫማ ሱቅ ሆነች።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ጌሙ 20 ዓመት ሲሞላው ቫልቭ ለጥቂት ቀናት በነፃ ለቀቀው። በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት። ሲወጣ የሚጠይቀው ራም 256 ሜጋባይት ነበር፣ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛኋት ያገለገለች ላፕቶፕ ያለምንም ችግር ትጫወተዋለች። ፋኗ እንኳን አይጮህም። የድሬ ሙቀት ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማታ በረንዳ ላይ ከፈትኩት። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ስለ አክስቴ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። በወጣትነቷ በድሮው ባቡር ጅቡቲ ትመላለስ ነበር፣ ለንግድ። ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ የድሬ ሰው አይጠይቅም። አምስት ቀሚስ ደራርባ ለብሳ ወፍራም ሆና ትገባለች፣ ቤት ስትደርስ ትከሳለች። የቀረው ጥቅል ደግሞ ባቡሩ ጣቢያ ከመግባቱ በፊት በመስኮት ይወረወራል፣ የሚቀበል ልጅ ቆሟል።

ባቡሩ ሲቆም ቀና አለች። ጭንብል ያደረገው ፖሊስ አንዱን መንገደኛ ገፍቶ ሻንጣውን ሲያስጥለው ሩዙን አቆመች።

«ይሄ ፈታሽ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ሻንጣውን ሳይሆን ዓይኑን ነው የሚያየው። ልምድ አለው።»

ቀጠልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ሽቦውን ይዛ የቆመች ሴት አለች። ልጅ ሆኜ አልፌያት ሄጃለሁ፣ የምትተኮስ አይደለችማ። አክስቴ «ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። «ይቺ ሰው እየጠበቀች ነው» አለች። ሴትዮዋ የምትለውን ተረጎምኩላት፦ ባቡሩን ጫካ ውስጥ አስቁመው ባሌን ለጥያቄ ወሰዱት፣ በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል ብለውኛል። አክስቴ ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ «ሂድ» አለችኝ።

ቀጥሎ የቆርቆሮው ነገር መጣ። ይሄን ጌሙን የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ፖሊሱ መንገድ ላይ ቆሞ የለስላሳ ቆርቆሮ በዱላው መሬት ይጥልና አንሳው ይልሃል። አንስተህ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከከተትከው ይስቃል፣ ያሳልፍሃል። ፊቱ ላይ ከወረወርክበት በዱላ ያሳድድሃል። ያኔ ጌም ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ አላሰብንበትም፣ ግንባሩን አልነው፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁንም እጄ ለውርወራ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ክተትለት» አለች አክስቴ።

«ለምን? ልወርውርበት እንጂ።»

«አንተ ልጅ፣ ቆርቆሮውን ክተትለትና እለፍ። ይሄ የፈለገው ቆርቆሮ አይደለም።»

ከተትኩለት። ሳቀ። አለፍን። ጌሙ በዚያ በአንዲት ቆርቆሮ ቁልፍ ያስተምርሃል፦ ዕቃ በዚህ ይነሳል፣ በዚህ ይወረወራል። ውርደትንም በዚያችው ቆርቆሮ። ሁለቱን በአንድ ደቂቃ፣ አንድም ጽሑፍ ሳይደረድርብህ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጌም ተጫውቻለሁ፣ ግማሽ ሰዓት የሚያስረዱህ፣ ቀስት የሚስሉልህ፣ «አሁን ተናደድ» ብሎ ሙዚቃ የሚለቁብህ። ይቺን ቆርቆሮ የሚደርስባት አላየሁም።

ከዚያ ማታ በኋላ ሥራችን ሆነ። ጌሙ ከ12 እስከ 15 ሰዓት ይፈጃል፣ እኛ ሁለት ሳምንት ወሰደብን፣ ምክንያቱም አክስቴ እያስቆመችኝ ነው። እኔ የማየው ጠላት ከየት እንደሚመጣ ነው። እሷ የምታየው ቤት፣ ግድግዳ፣ ኩሽና። ሲቲ 17ን የነደፈው ቪክቶር አንቶኖቭ ቡልጋሪያ ሶፊያ ነው የተወለደው፣ ሕንፃዎቹንም ከሚያውቃቸው የምሥራቅ አውሮፓ ከተሞች ነው ያመጣቸው። አሮጌ፣ የሚያምር፣ የተላላጠ የድንጋይ ቤት፣ እና እላዩ ላይ የማንም ያልሆነ ጥቁር ብረት ተለጥፎበት። አክስቴ አንቶኖቭን አታውቅም። ብረቱን አይታ «በግድ የተጠጋ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ከዚራ ውስጥ አንዳንድ አሮጌ ቤት ላይ የተለጠፈው የመስታወትና የአሉሚኒየም ፊት ነው ትዝ ያለኝ፣ ግን ዝም አልኩ፣ ጎረቤት ይቀየመኛል።

አንድ ሰው ጣቢያው ውስጥ ውሃውን አትጠጣ ይልሃል፣ እንድትረሳ የሚያደርግ ነገር ጨምረውበታል። ይሄን ስተረጉምላት ሳቀች። «የኛ ውሃ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ያደርገዋል እንጂ አያስረሳም።»

ከሁሉ የቆየብኝ ግን ባዶው መጫወቻ ሜዳ ነው። አፓርታማዎቹ መካከል የሕፃናት መጫወቻ አለ፣ የልጅ ድምፅ የለም። እኔ ልሮጥ ስል «ልጆቹስ?» አለችኝ።

«የምን ልጆች?»

«ከገባን አንድ ልጅ አላየሁም። ሙሉ ከተማ፣ አንድ ልጅ የለም።»

ጌሙን አቆምኩት። እውነቷን ነው። ምድርን የወረሩት ባዕዳን፣ ኮምባይኖች፣ ሰው እንዳይወልድ የሚከለክል ኃይል ዘርግተዋል፣ ዶክተር ብሪን በትልቁ ስክሪን ላይ በለሰለሰ ድምፁ ለዚህ ማብራሪያ ሲሰጥ ይውላል፣ ሰዉ እየጠየቀ የጻፈለትን ደብዳቤ እያነበበ። ምድር በሰባት ሰዓት ጦርነት ስትሸነፍ ያስረከባት እሱ ነው፣ አሁን የሚገዛው እሱ ነው፣ ይሄን ሁሉ ስለ ጌሙ ካነበብኩት አውቅ ነበር። ሜዳውን ግን አይቼው አላውቅም። ያኔ እኔና አብሮ አደጌ ራሳችን ልጆች ነበርን፣ በዚያ ሜዳ ስንት ጊዜ ሮጠን አልፈናል፣ ሲቲ 17 ውስጥ ያሉት ልጆች እኛ ብቻ እንደሆንን አልገባንም።

ሁሉም ነገር ጥሩ ነው አልልም። የውሃ ጀልባዋ ክፍል ይረዝማል፣ በጣም ይረዝማል፣ አክስቴ ሁለት ጊዜ ተኝታበታለች። ወታደሮቹ በዛሬ ዓይን ሲታዩ ሞኞች ናቸው። መጨረሻ አካባቢ አብረውህ የሚዋጉ ሰዎች ይሰጡሃል፣ ጠባብ በር ላይ ተገትረው አያሳልፉህም፣ ልክ የታክሲ በር ላይ እንደሚቆም ሰው። ጎርደን ደግሞ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሁሉም ያወድሰዋል፣ ሁሉም ይከተለዋል፣ እሱ ዝም። አክስቴ መጀመሪያ «ዲዳ ነው እንዴ?» አለች፣ በኋላ «የተማረ ስለሆነ ነው» ብላ ራሷ መለሰች። የፊዚክስ ዶክተር መሆኑን ነግሬያት ነበር።

ሬቨንሆልም ላይ «ቢስሚላሂ» ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች፣ ግን አልሄደችም። ጠመንጃ ይዞ ጣራ ላይ እየሳቀ ሙታኑን የሚተኩሰውን ቄስ፣ ግሪጎሪን፣ ወደደችው። ሰዉ ሁሉ ጥሎ ሲሄድ ሰፈሩን አልለቀም ብሎ የቀረ ሰው ነው ለእሷ። መቃብር ቦታው ጋ ተለይቶን እሳት ውስጥ ሲገባ፣ «አብሮን ይሂድ እንጂ» አለች። ይሄን ያለችው ለጌሙ ነው፣ እኔን እያየች ግን።

እና ጨረስነው። ሲታደል ጫፍ ላይ ወጣን፣ የብሪን ማምለጫ ፈነዳ፣ እሳቱ አሊክስ ላይ ሊደርስ ሲል ጊዜ ቆመ። ኮት የለበሰው ሰውዬ መጣ። ልጅ ሆነን አባቱ ነው ያልነው። ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ቃላቱን እየጎተተ።

አክስቴ ትርጉም አልጠበቀችም። «ደላላ ነው» አለች።

«ማን?»

«ይሄ። አየኸው እንዴት እንደሚያወራ? አይቸኩልም። ዕቃው እጁ ላይ ነው። ሰውዬው ደግሞ ዕቃው ነው።»

እኔ ይሄን ጊዜ የሰውዬውን ንግግር እያነበብኩ ነው። ለጎርደን የሚለው፣ ለአንተ አገልግሎት ደህና ደህና ጥያቄ መጥቶልኛል ነው። ሰው ለሃያ ዓመት ኢንተርኔት ላይ ማነው ማነው እያለ ተከራክሯል፣ አምላክ ነው ያለ አለ፣ ከወደፊት የመጣ ራሱ ጎርደን ነው ያለ አለ። እኛም አባቱ ብለናል። አክስቴ ግን ጅቡቲና ድሬ መካከል ስንት ደላላ አይታለች።

«ቀጣዩን ክፈት» አለችኝ። ሁለት አጫጭር ተከታይ ክፍሎች አሉ፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሌላው በ2007 የወጡ፣ ሁለተኛው በጣም መጥፎ ቦታ ላይ ነው የሚያቆመው። ሦስተኛው እስከ ዛሬ የለም። ለ20ኛ ዓመቱ በተሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ ጀምረውት የተዉትን አሳይተዋል፣ በረዶ የሚረጭ መሣሪያ ሁሉ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሊክስ ዋና ሆና የምትጫወትበት አንድ ወጥቷል፣ እሱ ግን ዓይን ላይ የሚታሰር የቪአር መነጽር ይፈልጋል፣ የመነጽሩን ዋጋ ለአክስቴ አልነገርኳትም። ሁለቱን ክፍሎች ነገ እንጀምራቸዋለን አልኳት።

ሰፌዱን አንስታ ልትገባ ከተነሳች በኋላ በሩ ላይ ቆመች።

«ያቺ ሴትዮስ? አጥሩ ጋ ያለችው።»

«እ?»

«ባሏ መጣላት?»

ጌሙ ወደ እሷ አይመለስም። አላውቅም አልኳት።

«የሚቀጥለው ባቡር ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

እሱንም አላውቅም አልኳት። ሩዙን ይዛ ገባች።